አፈር የዝናብ ጎተራ ነው

ፊደል ቆጥራችሁ፣ ቃል መሥርታችሁ፣ እነሆ ረዘም ያለ ጽሑፍ ለማንበብ በቅታችኋል። እንኳን ደስ ያላችሁ!

ይህን ትምህርት ያዘጋጀነው ከዩኒቨርሲቲ ወደ ገጠር የዘመትን ተማሪዎች ነን። ስለ እርሻ ከእኛ ይልቅ እናንተ ታውቃላችሁ። ዕርፍ ጨብጦ ያደገን ሰው አስተራረስ ልናስተምር አልተነሣንም። የተነሣነው ስለ አንድ ነገር ለመነጋገር ነው። ይህ ነገር በየቀኑ ከዓይናችን ሥር ይሠራል፤ ግን ቀስ ብሎ ስለሚሠራ አይታየንም። በቁጥር ተጽፎ ሲነበብ ግን ቁልጭ ብሎ ይታያል። ፊደል የማወቅ አንዱ ጥቅምም ይኸው ነው።

አበው «ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል» ይላሉ። መሬታችንንም እያሳሳቀ የሚወስደው ውኃ ነው። እስቲ ነገሩን ከሥሩ እንመልከተው።

1. ረሀብ ከወዴት ይመጣል?

አገራችን ብዙ ክፉ ዘመን አይታለች። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. የደረሰው ረሀብ እስከ ዛሬ «ክፉ ቀን» እየተባለ ይጠራል። በዚያን ጊዜ የከብት በሽታ በምጽዋ በኩል ገብቶ በሬውን ጨረሰው። ድርቅና አንበጣ ተጨመሩበት። በሬ ሲያልቅ አራሹ እጁን አጣጥፎ ቀረ።

በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ደግሞ ወሎና ትግራይ ተራቡ። በ1977 ዓ.ም. ከዚያ የባሰ ረሀብ ደረሰ፤ በመቶ ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ አለቀ። ከወሎ ብዙ ቤተሰብ ተነሥቶ በጎጃም ውስጥ በመተከል፣ በፓዌ አካባቢ እንዲሰፍር ተደረገ። በ2007 ዓ.ም. ክረምት ዝናቡ በብዙ ቦታ ሳይበቃ ቀረ። በ2008 ዓ.ም. ከ10 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ የእርዳታ እህል አስፈለገው።

ታዲያ ሰው ስለ ረሀብ ሲያወራ «ዝናብ ጠፋ» ይላል። እውነት ነው፣ ዝናብ ሲጠፋ እህል ይጠፋል። ግን አንድ ጥያቄ እንጠይቅ። በአንድ ቀበሌ፣ በአንድ ክረምት፣ በአንድ ዝናብ ሁለት ማሳዎች ጎን ለጎን አሉ እንበል። ዝናቡ በመስከረም መጀመሪያ ቶሎ ቆመ። የአንደኛው ማሳ ጤፍ ጠውልጎ ገለባ ብቻ ሆነ። የሁለተኛው ግን ፍሬ ቋጠረ። ሰማዩ አንድ ነው፤ ዝናቡም አንድ ነው። ልዩነቱ ምንድን ነው?

ልዩነቱ ከታች ነው። ልዩነቱ አፈሩ ነው።

2. አፈር ውኃ ያስቀምጣል

እህል ስናመርት በጎተራ እናስቀምጣለን። በኅዳርና በታኅሣሥ የሰበሰብነውን እስከ መጪው ዓመት እንበላለን። ጎተራው ትልቅ ከሆነ ብዙ ይይዛል። ጎተራው ትንሽ ከሆነ ምርቱ ቢበዛም ትርፉ ይፈስሳል።

አፈርም ልክ እንደዚሁ ነው። ዝናብ ሲዘንብ ውኃው ወደ አፈሩ ይሰርጋል። በአፈሩ ቅንጣቶች መካከል ይቀመጣል። ዝናቡ ሲያባራ ሰብሉ ሥሩን ሰድዶ ከዚያ ይጠጣል። እንግዲህ አፈር የዝናብ ጎተራ ነው ማለት ነው።

ወፍራም አፈር ትልቅ ጎተራ ነው። ሳስቶ ጭንጫ ሊሆን የተቃረበ አፈር ግን ትንሽ ጎተራ ነው። ዝናቡ የቱንም ያህል ቢወርድ ጭንጫው አይዘውም፤ ሽው ብሎ ወደ ወንዝ ይወርዳል። ዝናቡ ለጥቂት ቀን ሲቆም ጎተራው ባዶ ነውና ሰብሉ ይጠማል።

ስለዚህ ድርቅ ከሰማይ ብቻ አይመጣም። ግማሹ ድርቅ ከምድር ይመጣል። አፈሩ በሳሳ ቁጥር፣ አባቶቻችን ሳይሰማቸው ያለፉት አጭር የዝናብ መቋረጥ ለልጆቻችን ረሀብ ይሆናል።

3. ሒሳቡን አብረን እንሥራ

ቁጥር ስለ ተማርን አንድ ሒሳብ እንሥራ። እርሳስና ወረቀት ያዙ።

የአፈር ተመራማሪዎች በ1980ዎቹ ዓ.ም. ባወጡት ግምት፣ በኢትዮጵያ ከታረሰ መሬት በአማካይ ከአንድ ሄክታር በዓመት 42 ቶን አፈር በጎርፍ ይታጠባል። አንድ ቶን 10 ኩንታል ነው። ስለዚህ 42 ቶን ማለት 420 ኩንታል ነው።

አንድ ሄክታር በእኛ አገር ልክ 4 ጥማድ ያህል ነው። 420ን ለ4 ስናካፍል 105 ይሆናል። እንግዲህ ከአንድ ጥማድ መሬት በዓመት 105 ኩንታል አፈር ይሄዳል ማለት ነው።

ከአንድ ጥማድ 4 ኩንታል ጤፍ ብናገኝ ደስ ይለናል። ጤፉን ወደ ቤት ስናስገባ ግን መሬቱ 105 ኩንታል አፈር ሸኝቷል። 4 ኩንታል ገባ፤ 105 ኩንታል ወጣ። ይህ ምን ዓይነት ንግድ ነው?

ይህ አማካይ ነው። በለጥ ያለ ሜዳ ላይ ከዚህ ያንሳል፤ በተዳፋት ላይ ደግሞ ይበልጣል። ከታጠበው አፈር ከፊሉ ታች ባለው ማሳ ላይ ያርፋል። ላይ ላለው ማሳ ግን ሁሉም ኪሣራ ነው።

አሁን ውፍረቱን እንለካ። 42 ቶን አፈር በአንድ ሄክታር ላይ ቢነጠፍ ውፍረቱ 4 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል። ይህም የአንድ እንጀራ ውፍረት ያህል ነው። በየዓመቱ ከማሳችን ላይ አንድ እንጀራ ይገፈፋል እንበል። አንድ እንጀራ ቢጎድል ማን ያስተውላል? ማንም። ግን 50 ዓመት እንቁጠር። 4 በ50 ሲባዛ 200 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ይኸውም አንድ ስንዝር ገደማ ነው።

አያት ያረሱት መሬትና የልጅ ልጅ የሚያርሰው መሬት በአንድ ስንዝር አፈር ይለያያሉ። ያ ስንዝር ደግሞ ለም የሆነው፣ ፍግ የገባበት፣ ጥቁሩ የላይኛው አፈር ነው። በግምት ሲታይ፣ አንድ ስንዝር አፈር ለሰብል ከ5 እስከ 6 ቀን የሚያጠጣ ውኃ ይይዛል። ጤፍ ፍሬ በሚቋጥርበት ሰሞን 5 ቀን መኖርና አለመኖር የጎተራ መሙላትና አለመሙላት ነው።

4. ከጮቄ እስከ ዓባይ

አሁን ደግሞ አፈሩ ወዴት እንደሚሄድ እንከተለው።

የምሥራቅ ጎጃም ጣራው ጮቄ ተራራ ነው። ከፍታው ከባሕር ወለል በላይ ከ4000 ሜትር ያልፋል። ሙጋ፣ ሱሃ፣ ጨሞጋና ሌሎችም ብዙ ወንዞች ከዚያ ይነሣሉ። ሱሃ በቢቸና በኩል፣ ሙጋ በደጀን በኩል፣ ጨሞጋ በደብረ ማርቆስ አጠገብ አልፈው ሁሉም ወደ ዓባይ ይወርዳሉ። እኛም በየጁቤ ሆነን ወደ ደቡብ ስናይ የዓባይ በረሃ ከፊታችን ተዘርግቶ ይታያል። እንግዲህ የምንኖረው በአንድ ትልቅ ጣራ ክፈፍ ላይ ነው። ጣራው ሲያፈስ ከታች ያለነው እንርሳለን።

ድሮ የጮቄ ጫፍ በአስታ፣ በጅብራና በጓሳ ሣር የተሸፈነ ነበር። ሣሩና ቁጥቋጦው ዝናቡን ተቀብሎ ቀስ ብሎ ወደ ምድር ያሰርገዋል። ያ ውኃ በበጋ ምንጭ ሆኖ ይወጣል። ሕዝብ ሲበዛና መሬት ሲጠብ እርሻው ሽቅብ ወጣ። ገብስና ድንች ቀድሞ ግጦሽ በነበረው ተረተር ላይ ተዘሩ። ገበሬው ይህን ያደረገው ወዶ አይደለም፤ ልጁን የሚያበላው ስላጣ ነው። ውጤቱ ግን ሁላችንን ነካን። በጨሞጋ ተፋሰስ ላይ የተደረገ ጥናት፣ ከ1950ዎቹ እስከ 1990ዎቹ ዓ.ም. ባለው ጊዜ የወንዙ የበጋ ውኃ እየቀነሰ መሄዱን አሳይቷል። ክረምት ሲሆን ጎርፍ፣ በጋ ሲሆን ደረቅ ጠጠር! በጋ ላይ ምንጭ ሲደርቅ እንስራ ተሸክመው ሩቅ የሚሄዱት እናቶችና ልጃገረዶች ናቸው። ስለዚህ ይህ ነገር የአራሹ ብቻ ሳይሆን የቤቱ ሁሉ ጉዳይ ነው።

በ1978 ዓ.ም. የወጣ አንድ ትልቅ ጥናት ከኢትዮጵያ ደጋማ ምድር በዓመት 1900 ሚሊዮን ቶን ያህል አፈር እንደሚታጠብ ገምቶ ነበር። ከዚህ ውስጥ አንድ አሥረኛው ያህል በወንዝ ተጭኖ ከአገር ይወጣል አለ። በሱዳን ምድር በ1958 ዓ.ም. የተሠራው የሮዛሪስ ግድብ በዚሁ ደለል እየተሞላ ብዙ ውኃ የመያዝ አቅሙን አጥቷል። በ2003 ዓ.ም. ግንባታው የተጀመረው የእኛው የህዳሴ ግድብም ከዚሁ ከዓባይ ውኃ ጋር ደለሉን ይቀበላል። «ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል» ይባላል። ግንዱ እንኳ ይሁን። ዓባይ ይዞት የሚዞረው ትልቁ ነገር የእኛ ማሳ ነው።

5. አፈር ሳይታጠብም ይደክማል

አፈሩ ከቦታው ሳይነሣም ሊደክም ይችላል። ሦስት ነገር እንጥቀስ።

አንደኛ፣ ኮምጣጣ አፈር። ዝናብ በሚበዛበት አገር ውኃው ለሰብል የሚስማማውን ማዕድን ለብዙ ዘመን ወደ ታች እያጠበ ይወስደዋል። የቀረው አፈር እንደ እርሾ ይኮመጥጣል። በኢትዮጵያ ከሚታረሰው መሬት ከመቶ 40 ያህሉ ይህ ችግር አለበት። በምሥራቅ ጎጃም በጎዛምን፣ በማቻክልና በስናን ቀይ አፈር ላይ በስፋት ይታያል። ምልክቱ ይኸውላችሁ። ገብሱና ስንዴው ድንክ ሆኖ ይቀራል። ባቄላው ይጫጫል። ማዳበሪያ ተገዝቶ ቢጨመርም እንደ ድሮው አይረዳም፤ የወጣው ገንዘብ ይባክናል። መድኃኒቱ የተፈጨ ኖራ ነው። ለአንድ ሄክታር ግን ብዙ ኩንታል ስለሚያስፈልግ ከግብርና ባለሙያ ጋር መመካከር፣ አፈሩንም ማስመርመር ይገባል። የጎጃም ገበሬ ከጥንት በደከመ መሬት ላይ ግብጦ ይዘራል። ይህ ትልቅ ጥበብ ነው። ግብጦ እንደ ባቄላና እንደ አተር ከአየር ላይ ምግብ ወስዶ ለአፈሩ ይሰጣልና።

ሁለተኛ፣ ኩበት። ደን ሲያልቅ ማገዶ ይጠፋል። ማገዶ ሲጠፋ የከብቱ እበት ኩበት ሆኖ ይነድዳል። ወደ ማሳ መሄድ የነበረበት ፍግ ወደ ምድጃ ሄደ ማለት ነው። ኩበት የምታነድን እናት ልንወቅስ አንችልም፤ ሌላ ምን ታንድድ? ግን መሬቱ ጦሙን እንዳደረ እንወቅ።

ሦስተኛ፣ ባሕር ዛፍ። ባሕር ዛፍ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከውጭ የመጣ ዛፍ ነው። ለማገዶ፣ ለቤት ሥራ፣ ለገበያ ጠቅሟል። ብዙ ገበሬ ልጁን ያስተማረው፣ በሬ የገዛው በባሕር ዛፍ ገንዘብ ነው። ስለዚህ «ባሕር ዛፍ መጥፎ ነው» ብሎ መፍረድ ቀላል አይደለም። ነገር ግን ውኃ አብዝቶ ይጠጣል። ከምንጭ ዳር ሲተከል ምንጩን ያደርቃል። ከማሳ ጠርዝ ሲተከል ጎረቤትን ይጎዳል። ቦታውን እንምረጥለት። የእህል መሬታችንን ሁሉ ከወሰደው ደግሞ እህሉን ከገበያ ልንሸምት ነው። የእንጨት ዋጋ ሲረክስና የጤፍ ዋጋ ሲንር ያን ጊዜ ምን ይዋጣል?

6. ሰማዩም እየተለወጠ ነው

እስከ አሁን ስለ ምድር ተናገርን። ሰማዩስ?

በዓለም ላይ ፋብሪካና መኪና በበዙባቸው አገሮች ከሰል፣ ነዳጅና ጋዝ ለረጅም ዘመን ሲነድ ኖሯል። ጭሱ በሰማይ እንደ ጋቢ ምድርን ሸፍኖ ሙቀት ያፍናል። በዚህ የተነሣ ምድር ሞቃለች። በኢትዮጵያም ከ1950ዎቹ ዓ.ም. ወዲህ ሙቀቱ ከ1 ዲግሪ በላይ ጨምሯል። የእኛ ገበሬ ለዚህ ጭስ ያዋጣው ከምንም አይቆጠርም። የሚደርስበት ጉዳት ግን ትልቅ ነው። ይህ ፍርደ ገምድል ነገር ነው፤ ግን እውነት ነው።

ሙቀት ሲጨምር አየሩ ብዙ ውኃ ይሸከማል። ሲያወርደውም በአንድ ጊዜ ያወርደዋል። ዝናቡ ሲመጣ ዶፍ ይሆናል፤ ዶፍ ደግሞ አፈር ያጥባል። ሙቀቱ ራሱ እርጥበትን ከአፈር ቶሎ ያደርቃል።

ሌላም ነገር አለ። ከእኛ እጅግ በራቀው በሰላማዊ ውቅያኖስ ላይ፣ በየጥቂት ዓመቱ የባሕሩ ውኃ ከወትሮው ይሞቃል። ይህን ሊቃውንት «ኤል ኒኞ» ይሉታል። ኤል ኒኞ ሲመጣ የእኛ ክረምት በብዙ ቦታ ይደክማል። የ2007 ዓ.ም. ክረምት እንዲያ የሆነው በዚሁ ምክንያት ነው። ኤል ኒኞን ማንም ሊያቆመው አይችልም። ግን ከወራት በፊት ማወቅ ይቻላል። የአየር ጠባይ ትንበያ በራዲዮ ሲነገር ማድመጥ ጥሩ ነው። ክረምቱ ይደክማል ከተባለ ቶሎ የሚደርስ ዘር መዝራት፣ እህልን አለመጨረስ፣ ከብትን ሳይከሳ መሸጥ ይቻላል።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለን። በዋልካ መሬት ዝናብ ሲያንስ ጓያ ብቻ ይተርፋል። ጓያ ድርቅ ይችላል። ነገር ግን ለወራት ጓያን ብቻ የበላ ሰው እግሩ ሊሰንፍ፣ ሽባ ሊሆን ይችላል፤ ሽባነቱም አይድንም። ስለዚህ በችግር ቀን እንኳ ጓያን ከሌላ እህል ጋር ቀላቅሉ። አስቀድማችሁ ዘፍዝፉት፤ የተዘፈዘፈበትን ውኃ ድፉት።

7. ሌሎች ሰዎች ምን አደረጉ?

ይህ መከራ የእኛ ብቻ አይደለም። ሀብታም የሚባለው የአሜሪካ አገርም አይቶታል። ገበሬዎቹ የሜዳውን ሣር በትራክተር ገልብጠው ስንዴ ዘሩ። ድርቅ ሲመጣ አፈሩን የሚይዝ ሥር አልነበረም። ነፋሱ አፈሩን አንሥቶ ሰማዩን አጨለመው። መቶ ሺዎች ቤታቸውን ጥለው ተሰደዱ። መንግሥቱም በ1927 ዓ.ም. የአፈር ጥበቃ መሥሪያ ቤት አቋቋመ። ትራክተርም ገንዘብም እያለ አፈር ከሄደ ሰው ይሰደዳል ማለት ነው።

ከሩቅ አገር ወደ ገዛ አገራችን እንመለስ። በደቡብ ኢትዮጵያ የኮንሶ ሕዝብ በድንጋያማ ተራራ ላይ ይኖራል። ያን ተራራ ከ400 ዓመት በላይ በድንጋይ እርከን እየካበ ያርሰዋል። አባት የካበውን ልጅ ይጠግናል። ይህ ሥራቸው በ2003 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። ኮንሶዎች መሬታቸው ከእኛ የከፋ፣ ዝናባቸውም ከእኛ ያነሰ ነው። ያቆያቸው እርከኑ ነው።

ወደ ጎጃም ስንመጣ ደግሞ ደምበጫ አጠገብ አንጀኒ የምትባል ቦታ አለች። በ1976 ዓ.ም. የአፈር ጥበቃ ምርምር ጣቢያ ተከፈተባት። ከጥቂት ጊዜ በኋላ በአካባቢው ማሳዎች ላይ «ፋንያ ጁ» የሚባል የእርከን ዓይነት ተሠራ። ፋንያ ጁ ስሙ የስዋሂሊ ቋንቋ ነው፤ ከኬንያ የመጣ ነው። «ወደ ላይ ወርውር» እንደ ማለት ነው። አሠራሩ ቁልቁለቱን አቋርጦ ቦይ መቆፈር፣ አፈሩንም ወደ ላይ ወርውሮ መከተር ነው። የሚታጠበው አፈር ከክትሩ በላይ እየተጠራቀመ ይሄዳል። ከዓመታት በኋላ ተዳፋቱ ራሱ ደረጃ በደረጃ የተደለደለ ማሳ ይሆናል።

8. እርከን ለምን ይፈርሳል?

አሁን እውነቱን እንነጋገር። «እርከን ሥሩ» ማለት ቀላል ነው። ገበሬው ግን የራሱ ጥያቄ አለው፤ ጥያቄውም ትክክል ነው።

«መሬቴ ጠባብ ነው፤ እርከኑ ይወስድብኛል» ይላል። እውነት ነው። ቁልቁለቱ በበረታ ቁጥር እርከኑ ይበዛል፤ የሚወስደውም መሬት ይጨምራል። «አይጥ ይራባበታል» ይላል። ይህም እውነት ነው። «በሬ ማዞር ያስቸግራል» ይላል። «በዝናባማ አገር ውኃ አቁሮ ሰብሌን ያበሰብሳል» ይላል። ይህም ይደርሳል። ከሁሉም በላይ ደግሞ «ዘንድሮ ምን ጨመረልኝ?» ይላል። በአንጀኒ እንደ ታየው እርከኑ የሚታጠበውን አፈር በብዙ ቀንሷል። ምርቱ ግን በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ይህን ያህል አልጨመረም። እርከን የሚከፍለው ቀስ ብሎ ነው። የተራበ ሰው ደግሞ ቀስ ብሎ የሚከፈል ዕዳ መጠበቅ ይከብደዋል።

በ1970ዎቹ ዓ.ም. በአገራችን ብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር እርከን ተሠርቶ ነበር። ብዙው በትእዛዝ ወይም ለእርዳታ እህል ሲባል የተሠራ ነበር። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ በብዙ ቦታ እርከኑ ተናደ፤ ደኑም ተጨፈጨፈ። ሰው የገዛ ሥራውን እንዴት ያፈርሳል? የእኔ ነው ብሎ ስላልሠራው ነው። ከዚህ ትምህርት እንውሰድ። ከ2003 ዓ.ም. ወዲህም በአማራ ክልል ከአጨዳና ከውቂያ በኋላ ሕዝቡ በዘመቻ እየወጣ እርከን ሠርቷል። ትልቅ ሥራ ነው። ግን የዘመቻ እርከን ጠጋኝ ካጣ በሦስት ክረምት ይደረመሳል።

መሬት የእኔ ሆኖ ይቀጥላል ብሎ ማመንም ያስፈልጋል። ነገ ይወሰድብኛል ብሎ የሚሰጋ ሰው ዛሬ ድንጋይ አይክብም። ክልሉ ከ1990ዎቹ ዓ.ም. ጀምሮ የመሬት ይዞታ ደብተር መስጠቱ ለዚህ ረድቷል። ደብተራችሁን በደንብ ያዙ። አሁን ማንበብ ስለምትችሉ የተጻፈበትን ራሳችሁ አንብቡ፤ ወሰኑንና ስማችሁን አረጋግጡ። የባልና የሚስት ስም በአንድነት መጻፉንም ተመልከቱ።

9. እንግዲህ ምን እናድርግ?

ሁሉን በአንድ ዓመት ማድረግ አይቻልም። የሚቻለውን እንጀምር።

ሀ. ከላይ እንጀምር። ጎርፍ የሚነሣው ከተራራው ራስ ነው። ላይ ያለው ማሳ ሳይያዝ ታች ያለው እርከን ቢሠራ ጎርፉ ጥሶት ይሄዳል። ስለዚህ ከተረተሩ እስከ ወንዙ ያሉ ባለማሳዎች አንድ ላይ ተቀምጠው ይምከሩ። ላይኛው ሲደክም ታችኛው ይርዳው። ታችኛው ነው ትርፉን የሚያገኘው።

ለ. ፈሰሱን እናስተካክል። ውኃ ለማስወገድ በማሳችን የምናወጣው ፈሰስ ቁልቁል ቀጥ ብሎ ከወረደ ነገ ቦረቦር ይሆናል። ፈሰሱ ቁልቁለቱን በስሱ ሰያፍ ይቁረጠው። መጨረሻውም ሣር ወደ በቀለበት ቦታ እንጂ ወደ ጎረቤት ማሳ አይሁን።

ሐ. እርከኑ ላይ መኖ እንትከል። ሣር፣ ሰስባንያ፣ ትሪሉሰርን በክትሩ ላይ ቢተከሉ እርከኑ የወሰደውን መሬት በመኖ ይክሳል። ሥራቸውም ክትሩን ይይዛል። እርከን ከዚያው ዓመት ጀምሮ የሚከፍለው ያን ጊዜ ነው።

መ. ልቅ ግጦሽን እንቀንስ። ከብት ክትሩን ይረግጠዋል፤ ችግኙን ይበላዋል። መኖ አጭዶ ማብላት ሥራ ያበዛል፤ ግን እበቱን በአንድ ቦታ ይሰበስባል። እበቱ፣ ቅጠሉና አመዱ በጉድጓድ ሲበሰብስ ፍግ ይሆናል። እርጥበቱን እየጠበቅን ካገላበጥነው ለመጪው ዘር ይደርሳል።

ሠ. በየዓመቱ እንጠግን። ከመጀመሪያው ዶፍ በኋላ አንድ ቀን እርከኑን ዞሮ ማየት በቂ ነው። የተሸነቆረውን ወዲያው ድፈኑ። በአካፋ የሚደፈን ቀዳዳ ቢዘገይ በመቶ ሰው አይደፈንም።

ረ. እንጻፍ። ይህ አዲሱ ሀብታችን ነው። በደብተር ላይ ዝናብ የጀመረበትንና ያበቃበትን ቀን፣ ከየማሳው ያገኛችሁትን ምርት ጻፉ። በማሳው ጠርዝ እንጨት ትከሉና ከአፈሩ ጋር እኩል የሆነበትን ቦታ በቢላዋ ምልክት አድርጉበት። ከአምስት ዓመት በኋላ ምልክቱ ከአፈሩ በላይ ከፍ ብሎ ከታየ አፈሩ እየሄደ ነው። በአፈር ከተቀበረ ደግሞ አፈሩ እየተጠራቀመ ነው። ያን ጊዜ «መሬቱ ደከመ» ብቻ ሳይሆን «ይህን ያህል ደከመ» ማለት ትችላላችሁ። ለባለሙያውም፣ ለአስተዳደሩም በቁጥር መናገር ትችላላችሁ። በቁጥር የሚናገርን ገበሬ በቀላሉ የሚያታልለው የለም።

ውድ አንባቢያን፤

«የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው» የሚባለው ተረት ለእኛ የተነገረ ይመስላል። ጎጃም ለብዙ ዘመን ጎተራ ተብላለች። የቢቸና ጤፍ በአዲስ አበባ ገበያ ስሙ የታወቀ ነው። ግን የእህሉን ጎተራ የሚሞላው የአፈሩ ጎተራ ነው። ያኛው ሲጎድል ይኸኛው መጉደሉ አይቀርም። ድርቁን ማስቀረት አንችልም። ድርቁ ሲመጣ ግን አፈራችን ወፍራም ሆኖ እንዲቆየው ማድረግ እንችላለን። ይህም በአንድ ሰው ጉልበት አይሆንም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. አፈር የዝናብ ጎተራ ነው ማለት ምን ማለት ነው? በራሳችሁ አነጋገር አስረዱ።

2. ከአንድ ጥማድ በዓመት 105 ኩንታል አፈር የሚታጠብ ከሆነ፣ ከ3 ጥማድ በ10 ዓመት ስንት ኩንታል ይታጠባል? በጽሑፍ አስሉ።

3. በቀበሌያችሁ በልጅነታችሁ ይፈስ የነበረ፣ አሁን ግን በበጋ የሚደርቅ ምንጭ አለ? መቼ መድረቅ ጀመረ? ሽማግሌዎችን ጠይቃችሁ ጻፉ።

4. ገበሬ እርከን እንዳይሠራ የሚያደርጉት ምክንያቶች የትኞቹ ናቸው? ለእያንዳንዱ ምን መፍትሔ ይገኛል?

5. ከእናንተ ማሳ በላይ የሚያርሰው ማን ነው? በታችስ? ሦስታችሁ ተገናኝታችሁ ስለ ፈሰሱ ብትነጋገሩ ምን ትስማማላችሁ?

6. በቤታችሁ ለአንድ ሳምንት ስንት ኩበት ይነድዳል? ቁጠሩና ጻፉ። ያ እበት ወደ ማሳ ቢሄድ ኖሮ የትኛውን ማሳ ታዳብሩበት ነበር?